በቁሟ የተለቀሰላት

ሰብለ ወንጌል ጩኸቷን የለቀቀችው ጠዋት፣ ለልጇ ቁርስ ይዛ ወደ ክፍሉ እንደገባች ነው። ሳህኑ ከእጇ አምልጦ ፍትፍቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። «ወይኔ እህቴ! ወይኔ ንግሥቲ! ሳልሰማ!» እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ እዮብ ከአልጋው ዘሎ ወረደና ምን እንደሆነች እንኳ ሳይገባው ክንዷን ያዘ። እናቱ የምታየው ግድግዳውን ነበር። ግድግዳው ላይ፣ ኮላው እንዲደርቅለት የሰቀለው ልጥፍ ሥዕል አለ፤ መሃሉ ላይ የአክስቱ የንግሥቲ ትልቅ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶው ሥር በቀይ ቀለም የተነከረ የነጭ ቀሚስ ቁራጭ፣ ከጎኑ የአንገት ዶቃ፣ ከፊቷ ዙሪያ ደግሞ የቀሚሱ ጥበብ እንደ ፀሐይ ጮራ ተከቦ። እዮብ ፀሐይ ነበር ያሰበው። በነሱ አገር ግን የሰው ፎቶ ከነልብሱ ወደ አደባባይ የሚወጣው ለልቅሶ ነው። ዘመድ የሟችን ፎቶ ከፍ አድርጎ፣ ልብሱን በክንዱ ላይ ጥሎ፣ እየዞረ ያለቅሳል። እዮብም ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ነው ያደገው። ሲለጥፍ ግን ትዝ አላለውም፤ ሲለጥፍ የሚያስበው ስለ ቀለሙ ብቻ ነው።

«እማ፣ ኧረ እማ! አልሞተችም! ሽልማት ነው!» ቢል ማን ይስማው። ጎረቤታቸው መባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ገና ከበሩ «እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!» እያለች ደረሰች። ከኋላዋ የግቢው ተከራዮች፣ ከነሱ ኋላ ወደ ሩዝ መፈልፈያው የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ተከታትለው ገቡ። አንድ ሽማግሌ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሁለት ጎረምሶች ድንኳኑን ማን እንደሚያመጣው መነጋገር ጀመሩ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አንለይ ከመንገድ ላይ ሰምቶ ጥሩምባውን ሊያመጣ ገሰገሰ ሲሉት፣ እዮብ በባዶ እግሩ ሮጠ። የደረሰበት ከአንለይ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ጥሩምባውን ወደ አፉ ሊያስጠጋ ሲል ነው።

«ጋሽ አንለይ፣ ይተውት! የሞተ ሰው የለም!»

«የለም ስትል?»

«የለም። ሥዕል ነው።»

አንለይ ጥሩምባውን አውርዶ ልጁን ከባዶ እግሩ እስከ ራሱ አየው። «እንግዲህ ሥዕልም ይሞት ጀመር በለኛ!»

እዮብ ሲመለስ ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ነገሩን ደርሶበት ነበር። መጀመሪያ አንዷ ተከራይ ሳቀች። ከዚያ መባ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሰብለ ወንጌል አልሳቀችም። ፊቷ ላይ እንባው ሳይደርቅ ቆማ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች። «ሁለት ጊዜ!» አለች ሲወጡ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በቁሟ ሁለት ጊዜ አስለቀሰችኝ። ሁለት ጊዜ የሰው መሳቂያ አደረገችኝ።» ሥዕሉን ከምስማሩ አወረደችና ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ ታቅፋው ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ብቻዋን ወጣች፤ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ከተተች። «ይሄ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። ሂድና ለክበብህ ንገር።»

የመጀመሪያውን ጊዜ ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም። እዮብ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ላይ በጎደለበት ሰሞን የከተማው የቴአትር ክበብ በአዳራሹ አንድ መሪር ቴአትር ያሳይ ነበር፤ ንግሥቲ ባሏ የሚገድላት ሴት ሆና ትተውናለች። መባ በመንገድ ስታልፍ ግርግር ሰምታ በመስኮት ብታጮልቅ፣ ንግሥቲ ቀሚሷ ደም ለብሶ ስትወድቅ አየች። ማጣራት የለ፣ መጠየቅ የለ፣ «ንግሥቲን ገደሏት!» እያለች ወደ ሰብለ ወንጌል ቤት በረረች። ሰብለ ወንጌል ለክርስትና ልትሄድ የሠርጓን ነጠላ ለብሳ ነበር። የአዳራሹን ሽቦ አጥር ስትሻገር ነጠላው ተይዞ ተተረተረ፤ ዞራም አላየችው። መድረኩ ላይ ወጥታ እህቷ ላይ ስትወድቅ፣ ሟቿ ዓይኗን ገለጠች። ሕዝቡ በመጀመሪያ የቴአትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ፤ ሲገባው ደግሞ ሳቀ። ሳቁ በሳምንቱ ይፋግ ገበያ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ንግሥቲ መድረክ ላይ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እህቶች በበዓል ይጠያየቃሉ፣ «እንዴት ነሽ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባላሉ፤ አንዷ ዓመት በዓሉን ቀምሳ ስትነሳ ሌላዋ «ቆይ እንጂ» አትልም። ንግሥቲ ቴአትሬን አበላሸችብኝ ትላለች። ሰብለ ወንጌል ከተማውን አሳቀችብኝ ትላለች። እርስ በርሳቸው አልተናገሩትም፤ ሁለቱም የሚናገሩት ለእዮብ ነው። እዮብ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰማ ልጅ ነው።

እዮብ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰ በኋላ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ከሥራ ሲወጣ ብቻውን እስከ ሩዙ ማሳ ድረስ ይሄዳል፤ ሲመለስ ኪሱ ሙሉ ነው። ከመፈልፈያው ደጃፍ የሩዝ ገለባ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ የወደቀ አዝራር፣ የተላጠ ማስታወቂያ፣ ያገኘውን ሁሉ ያመጣል። ችፑድ ላይ በኮላ እየለጠፈ ሰው ይሠራበታል። ክበቡ ዘንድሮ ለነባር ተዋንያኑ ሽልማት ለመስጠት ሲያስብ ከባሕር ዳር የሚመጣው የመስታወት ዋንጫ ዋጋ አልቀመስ አለ። እዮብ ያን ጊዜ ነው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣው። «ዋንጫ የማንም ዋንጫ ነው» አለ፣ ጆሮው እየቀላ። «ለየሰዉ የራሱን ልሥራለት።» ከክበቡ የአልባሳት ሣጥን ውስጥ የየተዋናዩን አሮጌ ልብስና ዕቃ አውጥቶ ሠራ። ለንግሥቲ የሠራው በዚያች የመጨረሻ ቴአትሯ ቀሚስ ነው። ደጇ ድረስ ሄዶም ለምኗታል። «ከዚያ አዳራሽ እግሬን አላስገባም» ብላው ነበር። «አንድ ነገር ሠርቼልሻለሁ፣ እሱን ብቻ አይተሽ ትሄጃለሽ» ሲላት «ላንተ ስል» አለችው። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች። የምታየው ነገር ግን ተቆልፎበታል።

የቀሩትን ሥዕሎች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ጫነ። ባለ ባጃጁ «ለሰው አንድ ዋጋ፣ ለፎቶ ደግሞ ሌላ» ብሎ ሲከራከረው የጠየቀውን ከፈለው። ከመፈልፈያዎቹ የሚወጣው የገለባ ብናኝ ዋናውን መንገድ ብጫ አድርጎታል፤ ሩዝ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ ደብረ ታቦር መታጠፊያው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ዝግጅቱ በቀን የሆነው ማታ ሰው ከቤት ስለማይወጣ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረደራል፤ ድምፅ ማጉያው ይፈተሻል፤ የክበቡ ሰብሳቢ ደሳለው በአንድ ጊዜ ለሦስት ሰው ትእዛዝ ይሰጣል። ደሳለው ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የአማርኛ መምህር ነው፤ ሰው ይወዳል፣ ግን ይቸኩላል። የኮሜዲያኑን የጋሽ ይሄይስን ሥዕል ብርድ ልብሱን ገልጦ ሲያይ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ይሄይስ ስስታም ነጋዴ ሆነው በተወኑበት ኮት ኪስ ውስጥ የእውነት ሩዝ ፈሷል፤ ጢማቸው በሙሉ ገለባ ነው፤ በአንድ ዓይናቸው ይጠቅሳሉ።

«አንተ! ይሄ እኮ እሳቸው ናቸው! የንግሥቲስ?»

«የሷ… ቤት ነው፣ ቲቸር። ትንሽ ችግር ገጥሞኝ ነው።»

ደሳለው የጠዋቱን ወሬ ሰምቷል፤ ከተማው ትንሽ ነው። ፈገግ አለ። «ገባኝ። አትጨነቅ፤ ለሷ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ ሰርተፊኬት። እንዲያውም ይሻላል። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፣ ግን ሰው የነገረኝን ታውቃለህ? የሷ ቴአትር ሲነሳ ሁሉም ይስቃል። መሪር ቴአትር በሳቅ ካለቀ እኮ ተዋናይዋ ተመልካቹን አላሳመነችም ማለት ነው። ወረቀት ይበቃታል።»

እዮብ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ሥር ደረደረ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ መልሱ የሚመጣለት ቤቱ ሲደርስ ነው። ብርድ ልብሱን አጥፎ በእግሩ ተመለሰ።

እናቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ቀና አላለችም። እሱም ጎኗ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ከሰፌዱ አንድ ጥግ ጠጠሩን ያወጣ ጀመር። የመባ ዶሮዎች አጥር ሥር ይጭራሉ። «የዘንድሮው ሩዝ ጠጠሩ በዛ» አለች። «በዛ» አላት። «ፈልፋዮቹ አያጠሩም።» «አያጠሩም።» ሰፌዱ ሊያልቅ ሲል እዮብ ዓይኑን ከሩዙ ላይ ሳያነሳ ደሳለው ያለውን አንድ በአንድ ነገራት። ሊያባብላት ብሎ አይደለም፤ ለደሳለው ያልመለሰው ነገር መውጫ ፈልጎ ነው።

የሰብለ ወንጌል እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ምን አለ?»

«አላሳመነችም አለ።»

«ማንን ነው ያላሳመነችው?»

«ተመልካቹን።»

«እኔስ? እኔ ምንድን ነኝ?» ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ አስቀመጠችው። «እኔ አብሬያት አንድ መደብ ላይ ያደግሁት፣ ስትዋሽ ከአፍንጫዋ የማውቃት፣ እኔ እኮ አመንኳት! እጇን ስይዘው ቀዝቅዞ ነበር። የሞተ ሰው እጅ ነበር! ፊቴን የነጨሁት በምን ሆነና ነው? አላሳመነችም! ደግሞ እሱ፣ ያላየውን! የሳቁት በእኔ ነው እንጂ በሷ መች ሳቁ? እሷማ…» የገዛ ንግግሯን የሰማችው ያን ጊዜ ይመስላል። ተነሥታ ቁልፉን ከጉያዋ እያወጣች ገባች። እዮብ የሣጥን ክዳን ሲከፈት ሰማ። ስትወጣ በአንድ እጇ ሥዕሉን፣ በሌላው የታጠፈ ነጠላ ይዛለች። ነጠላው ብዙ ዘመን ሳይዘረጋ ኖሮ እጥፋቱ ላይ ወይቧል። ጥለቱ ሰፊ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ነው፤ አንዱ ጫፉ እስከ መሃል ድረስ ተተርትሯል።

«ይሄን ለጥፍበት።»

«እማ፣ የሠርግሽ እኮ ነው።»

«ለጥፍበት አልኩህ። ለብሼው አላውቅም፣ ሰፍቼው አላውቅም፣ ጥዬውም አላውቅም። ምን ሊሆነኝ እንደተቀመጠ አሁን ነው የገባኝ።»

ሁለቱም በረንዳው ላይ ተንበረከኩ። እዮብ መቀሱን ይዞ ሲያመነታ ነጥቃው ራሷ ቆረጠችው፤ ትርትሩን አልነካችውም፣ እንዳለ ተወችው። ከዚያ ሥዕሉን አጎንብሳ ስታይ ቆየችና ጣቷን ፊቱ ዙሪያ ባለው ጥበብ ላይ አሳረፈች። «አንተ ልጅ፣ ጥበብ ፊት ላይ ወጥቶ የምታየው መቼ ነው? ሰው ሲያዝን አይደል? አዘቅዝቀህ አልብሰሃት ነው እኮ ልቤን ያጠፋኸው! ለደስታ ጥለት ወደ ታች ነው የሚወርደው።» እዮብ ጮራ ያለውን ጥበብ በቢላ ጫፍ እየላጠ አወጣ። ባዶ የቀረውን ቦታ በሩዝ ዘለላ ሞላው። የእናቱን ነጠላ ከንግሥቲ ትከሻ አስጀምሮ፣ ጥለቱ ከሥር እንዲዘረጋ፣ ትርትሩም ቀይ የተነከረችውን ቀሚስ አልፎ እንዲወርድ አድርጎ ለጠፈው። ሴትየዋ ወደ ድግስ የምትሄድ መሰለች። ኮላው ግን እርጥብ ነው፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሰብለ ወንጌል የከሰል ካውያዋን አቀጣጥላ፣ ወረቀት ደርባ፣ በላዩ እየተኮሰች፣ «አትንካው! አትንፋበት! ወደ ፀሐይ አዙረው!» ስትል መባ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አውጥታ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች።

«ሂጂና ልብስሽን ቀይሪ» አለቻት ሰብለ ወንጌል። «አዳራሽ እንሄዳለን። ዛሬ እንኳ በበሩ ግቢ እንጂ በመስኮት አታጮልቂ።»

እዮብ ሲደርስ ሽልማቱ ተጋምሷል። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ይሄይስ ሥዕላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለጎረቤታቸው «ከእኔ እሱ ያምራል» ይላሉ። ንግሥቲ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ለመውጣት ከሚቀርበው ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን አንቃ ተቀምጣለች። ደሳለው ስሟን ጠራ። እሷ ወደ መድረኩ ስትሄድ አዳራሹ ውስጥ ያ የታወቀ የታፈነ ሳቅ ከወዲያም ከወዲህም ተሰማ፤ አንዱ ከኋላ «ጥሩምባ ነፊ ተዘጋጅ!» አለ። አንገቷ ሲቀላ ይታያል። ደሳለው ወረቀቱን ዘርግቶ እየጠበቃት ነው። እዮብ ያን ጊዜ፣ በሰው ፊት ቆሞ የማያውቀው እዮብ፣ በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ሥዕሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ መሄድ ጀመረ። እያለፈ ሲሄድ በየረድፉ ሳቁ ይቆማል። ሰው ሥዕሉን እያየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደገና እያየ፣ ይጠቋቆማል፤ ያችን ሽቦ ላይ የተተረተረች ነጠላ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ደሳለው ሥዕሉን አየ፣ ልጁን አየ፣ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ።

ንግሥቲ ሥዕሉን ተቀብላ ፎቶዋን አላየችም። ጣቷ የሄደው ትርትሩ ላይ ነው። ከላይ ጀምራ፣ ክር በክር፣ እስከ ታች ወረደች።

«ይሄን ነጠላ ማን ሰጠህ?»

እዮብ ወደ በሩ አመለከተ። ሰብለ ወንጌል ከመባ ጋር ደፉ ላይ ቆማለች፤ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ገብታም አልገባችም። ንግሥቲ ድምፅ ማጉያውን ከደሳለው እጅ ወሰደች። ብዙ ዘመን አልያዘችውም፤ አያያዟ ግን አልጠፋትም።

«በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል» አለች። «የሚያጨበጭብ ሰው ቴአትር መሆኑን ያውቃል። አንድ ቀን አንድ ሰው ሳያጨበጭብልኝ መጣ። አጥር ዘሎ፣ ልብሱን ቀዶ፣ አምኖኝ መጣ። እኔ ደግሞ ተበሳጨሁባት። ከዚያ የበለጠ ሽልማት ተሸልሜ አላውቅም፤ ሳልቀበለው ቀረሁ እንጂ።» ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ቆጣ አለች። «አንቺ ሰብለ! ምን ደፍ ላይ ገተረሽ? ነይ ውጪ እንጂ!»

ሰብለ ወንጌል ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። መድረኩ ላይ ስትወጣ አዳራሹ ፀጥ አለ። ሁለቱ እህቶች ሥዕሉን በመሃላቸው እንደያዙ ተያዩ። ሰብለ ወንጌል የእህቷን እጅ ያዘች፤ አገላብጣ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ድምፅ ማጉያው አፏ አጠገብ መሆኑን ሳታውቅ፣

«ይሞቃል» አለች። «ስሚኝ፣ ከእንግዲህ የእውነትሽን ብትሞቺም አላምንሽም!»

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እንደዚያኛው ቀን ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው እየሳቀ ዓይኑን የሚጠርግበት ሳቅ ነው። የመጀመሪያዋን እልልታ የለቀቀችው መባ ናት፤ ከዚያ ማን ያስቁማት። ጋሽ ይሄይስ የገለባ ጢማቸውን ሥዕል ከፍ አድርገው፣ «ወረቀቱን ለሰብለ ስጧት! ከሁላችንም በላይ የተወነችው እሷ ናት!» ብለው ጮኹ። ደሳለው ወረቀቱን ከኋላው አውጥቶ፣ «የንግሥቲ ተክለ ማርያም ነው የሚለው» አለ። «ታዲያ ምን ቸገረ? አባታቸው አንድ ነው! የፊቱን ስም ብቻ ሰርዝ!» አሉት ጋሽ ይሄይስ። ደሳለው እዚያው ቆሞ እየሳቀ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ ዝቅ ብሎ ሰጣት። «አጥፍቻለሁ፣ እትዬ ሰብለ» አላት በጆሮዋ። «አላየህም ነበር፣ ልጄ» አለችው፤ ወረቀቱንም ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሰው ሁሉ «ሠሪውስ? ሠሪው የታለ?» አለ። እዮብ ከመጋረጃው ኋላ ሊገባ ሲል አክስቱ ኮሌታውን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችው። ጣቶቹ ላይ ኮላ ደርቆ፣ ፀጉሩ ውስጥ ገለባ ገብቶ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ሲያጨበጭብለት የት እንደሚያይ ጠፋው። ቀና ብሎ አዳራሹን አየው። ሙሉ ነው። በዚያች ቅጽበት የጭብጨባውን ቀለም ያየ መሰለው፤ የደረሰ የሩዝ ማሳ ቀለም።

ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ሦስቱ በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። እዮብ ሥዕሉን ተሸክሞ ከኋላ ነው። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ንግሥቲ፣ «ሳሎኔ ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ እሰቅለዋለሁ» አለች።

«ያንቺ ሳሎን?» ሰብለ ወንጌል ቆመች። «እኔ ቤት ነው የሚሰቀለው።»

«ሽልማቱ የማነው?»

«ነጠላው የማነው?»

«ፊቱ የኔ ነው!»

«እንግዲያው ፊትሽን ልጠሽ ውሰጂ!»

«ድሮም እንዲህ ነሽ! አሻንጉሊቴንም እንዲህ ብለሽ ነው የቀማሽኝ!»

«አንቺ ነሽ ጭንቅላቷን የነቀልሽው!»

መንገዱ መሃል ቆመው ቃል እየተቀባበሉ ይጯጯሁ ጀመር፤ ያ ሁሉ ዘመን ያልተነገረው ሁሉ አንድ ላይ እየወጣ። እዮብ ሥዕሉን መሬት ላይ አቁሞ፣ አገጩን ጫፉ ላይ አሳርፎ፣ እንዳይሰሙት አድርጎ ሳቀ። አንዲት ባለ ሱቅ ከበሯ ብቅ አለች፤ «ኧረ ምነው? ደህና አይደላችሁም?» ብላ ደንግጣ ጠየቀች።

«ደህና ነን፣ ደህና ነን!» አለቻት ሰብለ ወንጌል፣ ፊቷ እየበራ፣ ከሩቅ እንዲሰማ አድርጋ። «ከእህቴ ጋር እየተጣላሁ ነው!»